የተደገመ ምስክርነት፦ የሊኒየር አልጄብራ የመጀመሪያ ኮርስ ምን ይጠይቀናል?



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ስሕተት ይነሣል፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሊኒየር አልጄብራን የመጀመሪያ ኮርስ ሳስተምር፣ ከአሶሳ በስተደቡብ ከምትገኘው የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ከቶንጎ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። በመንፈቅ አጋማሽ ፈተናው ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበትን የእኩልታዎች ሥርዓት ረድፍ በረድፍ እያቃለለ ሄደና፣ በመጨረሻው ረድፍ ላይ 0 = 0 ወጣለት። ደነገጠ። የሠራውን ሁሉ ሰርዞ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም 0 = 0 ወጣ፤ እርሱንም ሰረዘው። እኔም የተሰረዘውን ሳላነብ ዜሮ ሰጠሁት።

ከቀናት በኋላ የትምህርት ክፍል ለመቀየር የሚያስችለውን ፎርም ለማስፈረም ወደ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ስሌቱን እችላለሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ ይበላሽብኛል» አለኝ። የተሰረዘውን ያን ጊዜ አነበብሁት። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። 0 = 0 ራሱ የሚናገረው ነገር እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም፤ ሊነግረው የሚገባውም እኔ ነበርሁ።

ያን ዕለት ለእርሱ ያስረዳሁትን ዛሬ ለእናንተ ላቅርበው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተመረጡ ናቸው። ከቶንጎ ገበያ የተመለሱ ሰዎች አሉ እንበል። የአንድ ኪሎ ቡና እና የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ ማወቅ እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ሰው «2 ኪሎ ቡና እና 3 ኪሎ ማር ገዝቼ 2,300 ብር ከፈልሁ» አለ። ሁለተኛው «1 ኪሎ ቡና እና 1 ኪሎ ማር በ900 ብር ገዛሁ» አለ። የሁለተኛውን ሰው ሒሳብ እጥፍ አድርገን ከመጀመሪያው ብንቀንስ የማሩ ዋጋ 500 ብር፣ የቡናው 400 ብር መሆኑን እናገኛለን። ሁለት ምስክሮች፣ ሁለት ያልታወቁ፣ አንድ መልስ።

አሁን ሁለተኛው ሰው «4 ኪሎ ቡና እና 6 ኪሎ ማር በ4,600 ብር ገዛሁ» ቢል ኖሮስ? ይህ የመጀመሪያውን ቃል በእጥፍ መድገም ነው። በሽማግሌዎች ፊት ሁለት ሰዎች ቀርበው፣ ሁለተኛው የሚናገረው ከመጀመሪያው የሰማውን ብቻ ከሆነ፣ ሽምግልናው እንደ አንድ ምስክር ይቆጥራቸዋል። ስናቃልለው 0 = 0 የሚወጣውም ለዚህ ነው። ረድፉ «እኔ አዲስ ነገር አልያዝሁም» እያለን ነው።

ሦስተኛም መልክ አለ። ሰውየው ለዚያው 4 ኪሎ ቡና እና 6 ኪሎ ማር 4,800 ብር ከፈልሁ ቢልና ዋጋው አንድ ነበር ከተባለ፣ ስሌቱ 0 = 200 ላይ ያደርሰናል። ምስክሮቹ ተጣልተዋል፤ ሁለቱንም የሚያስማማ ዋጋ የለም። እንግዲህ የማንኛውም የሊኒየር እኩልታዎች ሥርዓት ዕጣ ከነዚህ ከሦስቱ አይወጣም፦ አንድ መፍትሔ፣ ምንም መፍትሔ፣ ወይም ቁጥር ስፍር የሌለው መፍትሔ።

እስካሁን ያለው በዓይን የሚታይ ስለሆነ ቀላል ነው። ሰሊጥን እንጨምር። የቡናን ዋጋ ሀ፣ የማርን ለ፣ የሰሊጥን ሐ እንበላቸው። ሦስቱ ምስክሮች እንዲህ ይላሉ፦

ሀ + ለ + 2ሐ = 1,100
ሀ + 2ለ + ሐ = 1,500
2ሀ + 3ለ + 3ሐ = 2,600

አንዱ የሌላው እጥፍ አይደለም። ማንም ቢያያቸው ሦስት የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። ረድፍ በረድፍ ስናቃልል ግን ሦስተኛው 0 = 0 ይሆናል፤ ለካ የመጀመሪያው እና የሁለተኛው ድምር ነበር። የቀሩት ሁለቱ የሚነግሩን ለ = 400 + ሐ፣ ሀ = 700 − 3ሐ መሆኑን ነው። ሰሊጡ 100 ብር ከሆነ ማሩ 500፣ ቡናው 400 ነው፤ ሰሊጡ 120 ከሆነ ደግሞ ማሩ 520፣ ቡናው 340 ነው። ሁለቱም መልሶች ሦስቱንም እኩልታዎች ያሟላሉ፤ ተክታችሁ አረጋግጡ።

ተማሪዬ ሁለት ጊዜ የሰረዘው እንዲህ ያለውን ረድፍ ነበር።

የኮርሱ ዐበይት ቃላት ሁሉ ከዚህች ምሳሌ ውስጥ ይገኛሉ። ከመካከላቸው አንዱንም ከሌሎቹ አባዝተንና ደምረን ልንሠራው የማንችል ከሆነ፣ ቬክተሮቹ «ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት» ናቸው እንላለን፤ እያንዳንዱ የራሱን ቃል ይዞ የመጣ ምስክር ነው ማለት ነው። «ራንክ» የምንለው እንዲህ ያሉት ነጻ ምስክሮች ስንት እንደሆኑ የሚነግረን ቁጥር ነው፤ በምሳሌያችን 2 ነው። ያልታወቁት 3 ስለሆኑ፣ 3 ሲቀነስ 2 አንድ ይቀራል፤ ይህችም አንዲት እንደ ልብ የምትመረጥ ቁጥር፣ እዚህ ሐ፣ ናት። የካሬ ማትሪክስ ዲተርሚናንት ዜሮ ሆነ ማለትም ከረድፎቹ ቢያንስ አንዱ ከሌሎቹ የሚገኝ ነው ማለት ነው። ተማሪው እነዚህን አራት አምስት ነገሮች እንደ ተለያዩ ምዕራፎች በቃሉ ሲያጠና ይደክማል፤ የአንድ ጥያቄ ልዩ ልዩ አነጋገሮች መሆናቸውን ሲያይ ግን ሸክሙ ይቀልለታል።

ይህን በገበያ ሒሳብ ብቻ የምናገኘው እንዳይመስላችሁ ከክልላችን ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጉባ፣ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኤሌክትሪክ በሚተላለፍበት በማንኛውም የሽቦ መረብ፣ ኪርሆፍ እ.ኤ.አ. በ1845 እንደ ደነገገው፣ ወደ አንድ መገናኛ የሚገባው ጅረት ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ለእያንዳንዱ መገናኛ አንድ እኩልታ እንጽፋለን። እያንዳንዱ ሽቦ ከአንድ መገናኛ ወጥቶ ወደ ሌላው ስለሚገባ፣ እኩልታዎቹን ሁሉ ስንደምር እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ መረቡ አንድ ወጥ ከሆነ፣ መገናኛዎቹ 10 ቢሆኑ ነጻ የሆኑት እኩልታዎች 9 ናቸው፤ 100 ቢሆኑ 99። የመጨረሻው ሁልጊዜ የተደገመ ምስክርነት ነው። ይህን የማያውቅ መሐንዲስ በቂ መረጃ ሳይኖረው በቂ ያለው ይመስለዋል።

አሁን «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» ለሚሉ ተማሪዎች ጥቂት ታሪክ ልንገር። ረድፍ በረድፍ የማቃለል ዘዴ ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በቻይና በተጠናቀረው «ዘጠኙ ምዕራፎች» በተባለው መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍ ውስጥ፣ ስለ ሦስት ዓይነት የእህል ነዶ በቀረበ ጥያቄ ላይ ይገኛል። ጋውስ፣ ዘዴው ዛሬ በስሙ የሚጠራበት ሊቅ፣ የሠራው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። «ማትሪክስ» የሚለውን ቃል ለሒሳብ የሰጠው ሲልቬስተር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1850 ነው፤ ኬይሊ ማትሪክሶችን እንደ ቁጥር የሚደመሩና የሚባዙ አድርጎ በሰፊው የጻፈው በ1858 ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረው ግራስማን ስለ ቬክተር ያለውን ሐሳብ በ1844 ሲያሳትም ያነበቡት ጥቂቶች ነበሩ። ቬክተር ስፔስ ዛሬ በምናስተምረው መልክ የተበየነው በ1888 በፔአኖ ነው። የሰው ልጅ ከስሌቱ እስከ ብያኔው የሄደበትን የአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት መንገድ፣ እኛ ተማሪውን በአንድ መንፈቅ ሂድ እንለዋለን። በመንገዱ መካከል መደናገር የስንፍና ምልክት አይደለም።

ከዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። ተማሪው በቤቱ ማኦኛ፣ ኮሞኛ፣ በርታኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገር ይሆናል፤ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ ይገበያያል፤ ብያኔውን ግን በእንግሊዝኛ ያነባል። ብያኔን በቃል መያዝ ይቻላል፤ ያልተረዱትን ብያኔ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለእናት ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ተማሪዎቼን ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ዋናውን ብያኔ በቤታቸው ቋንቋ፣ ከቤታቸው ምሳሌ ጋር፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዝዛለሁ። የማይጻፍላቸው ካለ፣ ገና ያልገባቸው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው ያውቁታል።

ለተማሪዎች የምመክረው ይህን ነው። ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያልታወቁት ስንት ናቸው? ምስክሮቹ ስንት ናቸው? ከመካከላቸው የሚደጋገም ወይም የሚጣላ ሊኖር ይችላልን? ስሌቱን ስትጨርሱም የመጨረሻው ረድፍ የሚለውን በቃላት ጻፉ፤ መልሱንም ወደ መጀመሪያዎቹ እኩልታዎች መልሳችሁ ተኩ። ለባልደረቦቼ ደግሞ የምለምነው፣ የተሰረዘውን እንድታነቡ ነው። በፈተናም ላይ «አስሉ» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ «ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ» የሚል ጨምሩ፤ ለዚያም ነጥብ ስጡ።

ያ ተማሪ ምሳሌውን ሰምቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እንግዲያው ሦስተኛው ሰው አልዋሸም፤ አዲስ ነገር ግን አልነገረንም» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም። ውጤቱን አረምሁ፤ እርሱም ፎርሙን ሳያስፈርም አጥፎ ኪሱ ከተተው።