ከመዋኛ ገንዳ የተገኘ ትምህርት

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ከውሃ ብዙ አይርቅም። ቆቃን ያልፋል፤ ዝዋይን ከባቱ ከተማ አጠገብ ያያል፤ ከዚያም ላንጋኖን በግራው፥ አብያታንና ሻላን በቀኙ አድርጎ ይጓዛል። ለአዳማ ሰው ደግሞ የሶደሬ ፍል ውሃና መዋኛ ገንዳው ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ውሃ አጠገብ ከሚያድጉት ልጆች፥ ይልቁንም ከሴቶቹ መካከል፥ ዋናን በሥርዓት የተማሩት ጥቂቶች ናቸው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ለእነርሱ የተነገረ ይመስላል።

አንዲት ተማሪ ዋና ልማር ብላ ብትጠይቅ፥ «ዋና ምን ይሠራልሻል? መጽሐፍሽን ብትይዢ አይሻልሽምን?» የሚላት አይጠፋም። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ጊዜ አጭር ነው፤ ፈተና ቅርብ ነው፤ ወላጅም ልጁን ያስተማረው ተቸግሮ ነው። ስለዚህ በባዶ ክርክር ከመመለስ ይልቅ የአንዲትን ዋናተኛ ሕይወት ማየቱ ይሻላል።

ክርስቲ ኮቨንትሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓመተ ምሕረት በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ተወለደች። ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ዚምባብዌ እንደ አገራችን የባሕር በር የላትም። ክርስቲ ግን በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ፥ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፥ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግራ በአላባማ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ትምህርቷ የሆቴልና የምግብ ቤት አስተዳደር ነበር።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርተኛ ተማሪ አስቀድሞ ተማሪ ነው። ነጥቡ ከተወሰነው በታች የወረደ እንደ ሆነ እንዳይወዳደር ይከለከላል፤ የግዴታ ልምምዱም በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳያልፍ ደንብ አለ። ስለዚህ ዋናተኛዋ ሰዓቷን በጥንቃቄ ከፋፍላ፥ ከልምምድ ወደ ክፍል፥ ከክፍል ወደ ልምምድ፥ ማታም ወደ መጽሐፏ መመላለስ ይኖርባታል። ይህን ለአራት ዓመት ያደረገ ሰው የሰዓትን ዋጋ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ተማሪ ሳለች በ2004 በአቴና አንድ ወርቅ፥ አንድ ብርና አንድ ነሐስ አገኘች። ከዚያ በፊት አገሯ ያገኘችው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በ1980 የሴቶች ሆኪ ቡድን ያመጣው ወርቅ ብቻ ነበር።

ከድሏ ይልቅ ግን ሽንፈቷ የበለጠ ያስተምራል። በ2008 በቤጂንግ በ100 ሜትር የጀርባ ዋና በግማሽ ፍጻሜው በ58.77 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በማግሥቱ በፍጻሜው 59.19 ዋኝታ ሁለተኛ ሆነች። በ200 ሜትር ድብልቅ ዋናም ወርቁ ያመለጣት በ0.14 ሴኮንድ፥ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለች ጊዜ ነበር። ከ400 ሜትሩ ድብልቅ ጋር ሦስት ጊዜ ብር ተቀበለች። በብስጭት ልምምዷን አልተወችም፤ በመጨረሻው ውድድሯ በ200 ሜትር የጀርባ ዋና በ2 ደቂቃ ከ5.24 ሴኮንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባ ወርቁን ወሰደች። በሁለቱ ኦሊምፒኮች ያገኘችው ሜዳሊያ 7 ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ በለንደንና በሪዮ ብትወዳደርም ሜዳሊያ አላገኘችም። ከ2016 በኋላ ውድድር አቆመች። ብዙ ስፖርተኛ ስሙ የሚረሳው በዚህ ጊዜ ነው። እርሷ ግን በ2013 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆና ነበር፤ በ2018 የአገሯ የወጣቶችና የስፖርት ሚኒስትር ሆነች። መጋቢት 20 ቀን 2025 በግሪክ በተደረገው ምርጫ ከ7 ተወዳዳሪዎች መካከል፥ ከተሰጡት 97 ድምፆች 49ኙን በመጀመሪያው ዙር አግኝታ የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ለመሆን ተመረጠች። ለዚህ ሥልጣን ስትበቃ ከሴቶችም ከአፍሪካውያንም የመጀመሪያዋ ናት።

ነገር ግን ሜዳሊያ ሁሉን ያሳውቃል ብለን አንሳሳት። እርሷ ሚኒስትር በነበረችበት ጊዜ፥ መንግሥት በእግር ኳስ አስተዳደር ውስጥ ጣልቃ ገብቷል ተብሎ ዚምባብዌ በ2022 ከዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ውድድር ታግዳ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በ2023 ነው። የነቀፏትም ጥቂቶች አልነበሩም። መዋኛ ገንዳ የአስተዳደርን ጥበብ አያስተምርም፤ ያን ሰው በሥራውና በንባቡ ይማረዋል። ገንዳው የሚሰጠው ጽናትን፥ የሰዓት አክባሪነትንና ሽንፈትን ችሎ በማግሥቱ እንደ ገና የመጀመርን ልማድ ነው። ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው፥ ሜዳሊያው በሣጥን ቢቀመጥም ይህ ልማድ ከሰውየው ጋር ይኖራል።

ምስክር ከቅርባችን ቢፈለግም አይታጣም። ከስምጥ ሸለቆው በላይ፥ ከአርሲ ደጋ ከበቆጂ የተነሣችው ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፥ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች። ከ2018 እስከ 2024 ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በዋናም ቢሆን ያኔት ሥዩም በ2012 በለንደን፥ ራሔል ፍሥሐ በ2016 በሪዮ፥ በ50 ሜትር ለአገራቸው ዋኝተዋል። ከመጀመሪያው ማጣሪያ ባያልፉም መንገዱን አሳይተዋል።

እንግዲህ ለአዳማና ለሐይቆቹ ከተሞች የሚቀረው ምንድር ነው? ሐይቁ ሁሉ ለዋና አይሆንም፤ በቆቃ አዞና ጉማሬ አለ፥ በዝዋይም የቢልሃርዚያ በሽታ ያሠጋል። ላንጋኖ ግን ዋናተኞች የሚመርጡት ነው። የሚያስፈልገው የታወቀ ቦታ፥ የሠለጠነ አስተማሪ፥ በዳር ቆሞ የሚጠብቅ ነፍስ አዳኝ፥ ለሴቶች ልጆችም ያለ ኀፍረት የሚማሩበት የተለየ ሰዓት ነው። ዋና የማታውቅ ልጅ ሜዳሊያ ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን ነፍሷንም ልታጣ ትችላለችና፥ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የወጣቶችንና የስፖርትን ጉዳይ በጽሕፈት ቤት የምትሠራ ወጣት ሹም ሆይ፥ የዓመቱን በጀት ስትጽፍ ለኳስ ሜዳው ከምትመድበው ላይ ለዋና አስተማሪ አንድ ደመወዝ አስብ። አንቺም ተማሪ እኅቴ፥ መጽሐፍሽን አትጣዪ፤ ነገር ግን መዋኛውም ጠላቱ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፥ በተወሰነ ሰዓት፥ ከአስተማሪ ጋር ብትጀምሪ ይበቃል። የሚቀጥለውን ሰዓቱን ማክበርሽ ያመጣዋል።