ለወረዳ መሥሪያ ቤት የሚሆን ኮምፒዩተር በአነስተኛ ወጪ ስለመገጣጠም

ዓለም ከተማ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። ወደ ከተማዋ የሚያደርሰው መንገድ ከሙከጡሪ ተገንጥሎ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ወደ አምባው ይወጣል። ከአዲስ አበባ የሚታዘዝ የኮምፒዩተር መለዋወጫ፣ ዋጋው አነስተኛ ቢሆን እንኳ፣ ይህን ገደል ወርዶና ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ፣ የበጀት ሪፖርቱና የባለጉዳዩ ደብዳቤ ቆመው ይጠብቁታል። በመሆኑም የዕቃ ምርጫው ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የግዥ ጥያቄ የሚፈርመውን ኃላፊም የሚመለከት ነው።

ወረዳኔት የተሰኘው የመንግሥት መረብ በ1990ዎቹ መዘርጋት ከጀመረና የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች አይቤክስ በተባለው ሶፍትዌር የበጀትና የሒሳብ መረጃ መመዝገብ ከያዙ ወዲህ ኮምፒዩተር የዕለት ተዕለት የሥራ መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። በአንጻሩ ዕቃው በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ አስቀድሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የወረዳ የካፒታል በጀት በዚሁ ልክ እንዳላደገ አንባቢው ያውቀዋል።

በአነስተኛ በጀት ኮምፒዩተር ማግኘት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ነጋዴዎች «ብራንድ» የሚሉትን፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ዴስክቶፕ መግዛት ነው። ሁለተኛው «ክሎን» የሚባለውን፣ ማለትም ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ፓወር ሰፕላዩን ለየብቻ መርጦ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ማዘጋጀት ነው። ሐቁን ለመናገር ያገለገለው ብራንድ ብዙ ጊዜ በዋጋ ያሸንፋል። ችግሩ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ጠባብ ካሳ ያላቸው ሲሆኑ ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው ለዚያው ሞዴል ብቻ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። የተገጣጠመው ኮምፒዩተር ግን ኤቲኤክስ የተባለውን የጋራ ልክ ስለሚከተል ከየትኛውም ሱቅ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ይገጥምለታል። ከመርካቶ ርቆ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት ይህ ልዩነት ከመነሻ ዋጋው ይበልጥ ሚዛን ይደፋል።

በግዥ ሰነዶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት «ኮር አይ 5፣ 8 ጂጋ ባይት ራም» ብሎ መተው ነው። ኢንቴል ኮር አይ 5 የተባለውን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በመሆኑ ስሙ ብቻውን ዕድሜን አይናገርም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ፕሮሰሰር ያለበት ኮምፒዩተር ቢያቀርብ ሰነዱን አልጣሰም፤ ተረካቢ ኮሚቴውም የሚከራከርበት ነጥብ የለውም። ትውልዱ የሚታወቀው ከስሙ በኋላ በሚመጣው ቁጥር ነው፤ 4570 የሚለው አራተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። እንዲያውም አሥራ ሁለተኛ ትውልድ የሆነ ኮር አይ 3 ከአራተኛው ትውልድ ኮር አይ 5 በእጅጉ ይፈጥናል።

የትውልዱ ጉዳይ አሁን ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ያላነሰ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ከድጋፍ ውጭ የሆኑ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በገበያው በርካሽ መቅረባቸው የሚጠበቅ ነው። ሊኑክስን ለመጠቀም ለወሰነ መሥሪያ ቤት እነዚህ ኮምፒዩተሮች አሁንም ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በዊንዶውስ ለሚቀጥል ግን ርካሽነታቸው አጭር ዕድሜ ያለው ነው።

ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለቪዲዮ ስብሰባ የተለየ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ይሁንና ፕሮሰሰሩ በውስጡ ግራፊክስ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የኢንቴል ቁጥር መጨረሻው ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለበት ግራፊክስ የለውም፤ በዋጋው ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል፤ ተገጣጥሞ ሲበራም ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። በኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክስ ሲኖረው ራይዘን 5 5500 የለውም።

ማዘርቦርድ ሲመረጥ ከፕሮሰሰሩ ሶኬትና ከራሙ ዓይነት ጋር መግጠሙ ይታያል። የአሥራ ሁለተኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ዲዲአር 4ንም ዲዲአር 5ንም የሚቀበል ቢሆንም ማዘርቦርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀበላል። 8 ጂጋ ባይት ራም ለአንድ ጸሐፊ ይበቃል፤ ብዙ ሰነድ ከፍቶ በኢንተርኔት ለሚሠራ ባለሙያ 16 ይመረጣል። በዓለም ገበያ የራም ዋጋ ከ2018 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት አንሥቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ከሚፈለገው ሜሞሪ የተነሣ በከፍተኛ ደረጃ ስለናረ፣ በ8 ጀምሮ ሁለተኛውን ቀዳዳ ለኋላ ማስቀመጥ የሚያስኬድ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ቀዳዳ ማዘርቦርድ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

የዲስክ ምርጫ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የራሱ የሆነ ጉዳይ አለው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ራስ ከሳሕኑ በላይ እጅግ ቀጭን በሆነ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለሆነም አምራቾች ለተለመዱት ሃርድ ዲስኮች የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ዓለም ከተማ በ2 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ከዚህ ወሰን በታች ናት፤ በመንዝ ግን እንደ መሐል ሜዳ ያሉ ከተሞች ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታው አይነካውም፤ በጠጠር መንገድ መንገጫገጭም ብዙም አይጎዳውም። 256 ጂጋ ባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ለአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በቂ ሲሆን፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ከየትኛውም ማሻሻያ የበለጠ ለውጥ ያሳያል። ስሙ በማይታወቅ ማሸጊያ፣ እጅግ ትልቅ መጠን ተጽፎበት በትንሽ ዋጋ የሚቀርብ ዲስክ ሲያጋጥም ግን መጠኑ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል አለመግዛቱ ይመረጣል። ኤስኤስዲ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ በመሆኑ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ይኖርበታል።

የአየሩ መሳሳት ማቀዝቀዣውንም ይመለከታል። በዓለም ከተማ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ በማራገቢያው ላይ የሚጋገረውን የበጋ አቧራ ግን የሚያካክስ ነገር ስለሌለ ካሳው በየጊዜው ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

ገንዘብ የሚቆጠብበት እየመሰለ ብዙ የሚያስወጣው ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው። የተለየ ግራፊክስ የሌለው የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እያለ ከ100 ዋት ብዙም የማይበልጥ ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ በላዩ 600 ዋት ተጽፎበት በእጅ ሲነሣ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከሚቀል ፓወር ሰፕላይ ይልቅ 400 ዋት በእርግጥ የሚሰጥ ይሻላል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒዩተሩ እንደሚያደርስ የሚያመለክት ሲሆን ምልክቱ ራሱ ሊጭበረበር ስለሚችል ክብደቱንም ማየት ጠቃሚ ነው። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ይገኛል። 115 ላይ እንዳለ በአገራችን የ220 ቮልት መስመር ላይ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበትና በሚዋዥቅበት አካባቢ ዩፒኤስ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ ኮምፒዩተሩ አካል ተቆጥሮ በበጀቱ ውስጥ መያዝ ይኖርበታል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ስክሪን ሰነድ አስቀምጦ እስኪያጠፉ ድረስ ያቆያል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በሚያሞቅበት ቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም። የዩፒኤሱ ባትሪም ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለሚያገለግል የመተኪያ ወጪው አስቀድሞ ይታሰብ።

ካሳ፣ ኪቦርድና ማውስ እንደ አቅም ይገዛሉ። ስክሪን ያገለገለም ቢሆን አያስከፋም።

ዝርዝር መግለጫው ሲጻፍ የግዥ ሕጋችን የንግድ ስም መጥቀስን የሚገድብ መሆኑ ሊታወስ ይገባል፤ ሌላ ግልጽ መግለጫ ሳይገኝ ቀርቶ ስም ቢጠቀስ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ይታከልበታል። በተግባር የሚሠራው የትውልዱን ዝቅተኛ ወሰን፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው መሆኑን፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ የዲስኩን ዓይነት፣ የፓወር ሰፕላዩን ልክና የዋስትና ጊዜውን በቁጥር መጻፍ ነው። የተገጣጠመ ኮምፒዩተር አንድ ወጥ የፋብሪካ መለያ ቁጥር ስለሌለው በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን የእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ቁጥር ቢመዘገብ መልካም ነው። አለበለዚያ 16 ጂጋ ባይት ራም ገብቶ ከዓመት በኋላ በቆጠራ 4 ሆኖ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅም።

ኮምፒዩተሩ በአዲስ አበባ ከተገጣጠመ ርክክቡ ከመጠናቀቁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በርቶ እንዲሠራ፣ ራሙና ዲስኩም በመፈተሻ ሶፍትዌር እንዲታዩ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። አዲስ ራም ችግር ካለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ለጉዞው ደግሞ ከባድ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ካለው ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፤ ካሳው ማዘርቦርዱ ወደ ታች ሆኖ እንዲተኛ ተደርጎ ይጫን።