የኮረሙ ሐኪም

ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ፣ ቀበናን ተሻግራችሁ ወደ መገናኛ ስታቀኑ፣ የታክሲው ረዳት «እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ?» የሚልበት ፌርማታ ላይ በስተግራ ረጅም አጥር ይቀበላችኋል። ከአጥሩ ጀርባ ዛፍ የሸፈነው ሰፊ ግቢ ወደ እንጦጦ ተራራ አቅጣጫ እየተቃና ይወጣል፤ በየካ ክፍለ ከተማ እንዲህ ግርማ ያለው ጥላ ብዙ የለም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ግን ግቢው ያስተናገዳቸው ዲፕሎማቶች አይደሉም። ትዝ የሚሉኝ በ37 ዓመታቸው እዚያው ያረፉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ዶክተር ጆን ሜሊ ናቸው።

የጦር ሜዳ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምና ወደ ጦርነት ይሄዳሉ። የሜሊ መንገድ የተገላቢጦሽ ነበር። ገና በወጣትነታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመኮንንነት ተሰልፈው ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ አጠለቁ፤ ከዚያ ኦክስፎርድ ገቡ፣ ቀጥሎም የቀዶ ሐኪም ሆኑ። ጠመንጃን አውቀው ከተዉ በኋላ ቢላዋን የመረጡ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ዓይናቸው ኢትዮጵያ ላይ ያረፈውም ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ ነው፤ አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች የምታሠለጥንበት ሆስፒታል ለማቆም ያልሙ ነበር።

ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ ሕልሙ ወደ ድንኳን ተቀየረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከተመሠረተ ገና ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር። ሜሊ ከእንግሊዝ ሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የተደራጀውን የአምቡላንስ ቡድን እየመሩ፣ ከደሴ በስተሰሜን ኮረም ዘለቁ። በተራሮች በተከበበው በዚያ ደጋ ሜዳ ላይ የነጭ ድንኳኖች ሰልፍ፣ ከአጠገቡም አውሮፕላን አብራሪ ሊስተው የማይችል ግዙፍ የቀይ መስቀል ባንዲራ መሬት ላይ ተነጥፎ፤ ከሩቅ ለሚያየው የተዋበ ትዕይንት ነበር። የካቲት 25 ቀን የጣሊያን አውሮፕላን ይህንኑ ሰፈር በቦምብ ደበደበ። አልጋ ላይ የነበሩ ሕሙማን ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቁስለኞች ጥይት የነካቸው ብቻ አልነበሩም። ጣሊያን የሚረጨው የመርዝ ጋዝ፣ ኢፔሪት፣ ሣርና ቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ ይቀመጣል፤ ባዶ እግሩን የሚዘምተው ወታደር ሲረግጠው እግሩ ውኃ ቋጥሮ ይላጣል፣ ዓይኑ አብጦ ይከደናል። መድኃኒት የለውም። ሐኪሙ የሚችለው ማጠብ፣ በፋሻ መሸፈን፣ ሕመሙን ማስታገስ ነው። ዕውቅ ቀዶ ሐኪም ከመሆን ይልቅ እንዲህ ጎንበስ ብሎ እግር ማጠብ ለእኔ የሙያው የክብር ጫፍ ነው።

መጋቢት 22 ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ፤ ቡድኑም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ዘረፋና ቃጠሎ ተነሳ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች በየካው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን፣ በዛሬው ኤምባሲ ግቢ፣ ተጠለሉ፤ ጥበቃውን የያዙት ጥምጥማም የሲክ ወታደሮች ነበሩ። ከአጥሩ ውስጥ መቆየት ማንም የማይነቅፈው ምርጫ ነበር። ሜሊ ግን መኪና አስነስተው በሚነደው ከተማ መንገድ ለመንገድ የወደቁትን እያነሱ ይዞሩ ጀመር።

ሚያዝያ 25 ቀን አንድ ቁስለኛ ሊረዱ ወርደው ሳሉ፣ የሰከረ ዘራፊ ተኮሰባቸው። ከጣሊያን ቦምብ የተረፈውን ሰው የመታው የእኛው ሰው ነው፤ ይህን ማለት ይከብዳል፣ ሳይሉ ማለፍ ግን ለታሪኩም ለእሳቸውም ውለታ አይሆንም። ደረታቸውን ተመትተው ወደ ሌጋሲዮኑ ተወሰዱ።

ያረፉት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናቸው ተመልሰው ገቡ። ሚያዝያ 27 እስከ ዛሬ የምናከብረው የአርበኞች ድል በዓል ነው።