ናይሮቢ ላይ ለብቻ የሚኖር ሰው የት ይከራይ?

ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጡ ልጆች ቤት ፈልግልኝ ሲሉኝ አስቀድመው የሚያነሱት ኪሊማኒን ነው። ሰፈሩ ጥሩ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም አይጠፋም። ለአንድ ደመወዝ ግን ኪራዩ ይከብዳል፤ ዛፉም ለፎቅ ቦታ እየለቀቀ ነው።

እኔ መጀመሪያ ንጋራን እዩ እላለሁ። መሀል ከተማ በእግር ይደረሳል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ታሪፍ ከሚሰቅለው ማታቱ (የከተማው ሚኒባስ ታክሲ) ትገላገላላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታደሰው ሚቹኪ መናፈሻ ናይሮቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ሲቲ ፓርክም ሩቅ አይደለም። ጫጫታው ግን አለ፣ አልደብቃችሁም።

በቲካ መንገድ ወደ ሮይሳምቡና ዚመርማን ስትወጡ ኪራይ ይቀንሳል። ያተረፋችሁትን ግን ትራንስፖርትና የመንገድ መጨናነቅ ይበሉታል። በዚያ በኩል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች የነበሩት ዋንጋሪ ማታይ ከመሬት ነጣቂዎች ለማዳን የታገሉለት ካሩራ ጫካ ለእግር ጉዞ ግሩም ነው፤ መግቢያው ስለሚያስከፍል የዕለት መናፈሻ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። አጠገቡ ያለው ሙታይጋ ግን የባለጸጎች ሰፈር ነው።

ለአንድ ሰው የሚበቃው ቤድሲተር ነው፦ አንድ ክፍል፣ የራሱ መጸዳጃና የማብሰያ ጥግ ያለው። «ሲንግል ሩም» ከተባላችሁ መጸዳጃው ብዙውን ጊዜ የጋራ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ታንከር ወይም ጉድጓድ መኖሩን ከደላላው ሳይሆን ከተከራዮች ጠይቁ። የመብራት ቆጣሪው የብቻችሁ ይሁን።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከማታቱ ፌርማታ እስከ በሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በእግር ሂዱ፤ የመንገድ መብራቱና የእግረኛ መንገዱ የሚታወቀው ያኔ ነው።