ሙሽራው የሚሰደብበት ሰርግ

የወይን እርሻ ሰርግ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽና በጣሊያን ቶስካና ያሉ ባለ እርሻዎች ከወይን ጠጁ ጎን የሰርግ ቀን ይሸጣሉ። ደንበኛው የሚከፍለው ለመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም፤ ቀኑ የሌላ ሰው ሰርግ እንዳይመስልበት ጭምር ነው። ስለዚህ የሙሽሮቹ ስም በጠርሙስ ላይ ይታተማል፣ ጠረጴዛዎች በቁጥር ፈንታ ጥንዶቹ በሚወዷቸው ከተሞች ይሰየማሉ፣ እንግዳው እንደ ልጅ የሚጫወትበት የሣር ሜዳ ይዘጋጃል። ወይን በእኛም አገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ከአምቦ ቀጥሎ የሚያገኛት ጉደር በቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ስሟ አገር ያዳረሰ ከተማ ናት፤ በስምጥ ሸለቆም የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከተከለው ወይን የተጠመቀው ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጥቷል። ወደ ወለጋ ሲዘለቅ ግን ወይኑ ይቀራል። የጠጅ ወይን ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ የነቀምቴ አካባቢ ደግሞ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድበታል። ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ በጊምቢ መንገድ ላይ ያለችው፣ መሬቷ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እያዘቀዘቀ የሚወርደው የዲጋ ወረዳም የበቆሎና የቡና አገር ናት። ያም ሆኖ የወይን እርሻው በገንዘብ የሚሸጣቸው ሁለት ነገሮች፣ ጨዋታውና የራስ የሆነ ቀን፣ በዚህ ምድር ያለ ወይን ሲገኙ ኖረዋል። መሣሪያው ስድብ ነው።

አረብሶ ይባላል። በወለጋ ኦሮሞ ሰርግ ላይ የሙሽሪት ወገን ልጃገረዶች ሙሽራውንና አጃቢዎቹን በዘፈን የሚሰድቡበት ሥርዓት ነው። ልጅቱ በሽምግልና ተጠይቃ፣ ሽማግሌዎች ተመላልሰው፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ ጓደኞቿ ከሰርጉ በፊት ባሉት ምሽቶች ቤቷ እየተሰበሰቡ ይዘፍናሉ። በዕለቱ ሙሽራው ሀማሞታ ከሚባሉት አጃቢ ጓደኞቹ ጋር ሲመጣ ደጁ ላይ የሚጠብቀው ይኸው ዘፋኝ ነው። ሰርገኛን በር ላይ አግዶ ሽቶና ገንዘብ መጠየቅ በአማራውም አገር የታወቀ ስለሆነ ትዕይንቱ ለማንም አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በወለጋ ግን ስድቡ ደጅ ላይ አይቀርም፤ ሀማሞታው ገብቶ ሲቀመጥ፣ ጨጨብሳውና አንጮቴው ቀርቦለት ሲበላ፣ ጠጁን ሲጎነጭ ይከተለዋል። የአንዱ ቁመት፣ የሌላው የተዋሰው ኮት፣ የሦስተኛው ጉርሻ፣ የሙሽራው ስንፍና፣ የመጡበት መንደር ድህነት፣ ሁሉም ይዘፈንበታል። ሀማሞታውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በራሱ ዘፈን ይመልሳል፣ ሙሽራውን ያሞግሳል፣ ልጃገረዶቹን ይነካካል። የማይፈቀድለት አንድ ነገር መቆጣት ነው። ዘፈን ላይ የተቆጣ ሰርገኛ ተሸንፏል፤ ስድቡም እውነት ሆኖበታል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ይህ ቀላል ሙያ አይደለም። አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ዜማው የታወቀ ነው፣ የግጥሙም አጥንት የታወቀ ነው። በኦሮሞ የቃል ግጥም ዘንድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ከብት አንድ ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው በዚያው ድምፅ ተከትሎ ወደ ሰውየው ይዞራል። የመጀመሪያው ስንኝ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። አድማጩ የቤት መምቻውን ሰምቶ የሚመጣውን ቃል መገመት ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ ስንኙን እየደጋገሙ ጊዜ ይሰጡታል፣ ሀማሞታው ከመካከሉ ማን እንደሚመታ ሳያውቅ ይጠብቃል። ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰምና ወርቅ ሊፈልግበት ይችላል፤ እዚህ ግን የተደበቀ ነገር የለም፣ ያለው መዘግየት ነው። ሳቁ የሚፈነዳው ቃሉ ከተገመተበት ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ ወይም ሁሉም ከጠበቀው አጠገብ ሲወድቅ ነው። ይህን ለማድረግ ዘፋኟ ሁለት ነገር አስቀድማ መያዝ አለባት፦ የድምፅ ጥንዶች ክምችትና ስለ ሙሽራው የተሰበሰበ ወሬ። ሁለተኛው ከሳምንታት በፊት ይጀመራል። በምን ይታወቃል፣ ጓደኞቹ በምን ይጠሩታል፣ ከብት ሲጠብቅ ምን ጠፋበት፣ ትምህርት ቤት ምን አደረገ? ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ተብሎ የሚደርስ ሥራ አይደለም።

ለምን ስድብ? ልጃቸውን የሚሰጡ ሰዎች አማቻቸውን በውዳሴ ቢቀበሉት አይሻልም ነበር? እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ራድክሊፍ-ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ቀልድ ዝምድና ባሳተመው ጽሑፍ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ጥሩ ነው። ጋብቻ ሁለት ወገኖችን በአንድ ጊዜ ያቀራርባል፣ ያለያያልም፤ አማቾች ሆነዋል፣ ጥቅማቸው ግን አንድ አይደለም። ይህን ውጥረት ከጠብ ለማራቅ ማኅበረሰቦች ሁለት መንገድ አበጅተዋል፦ አንዱ እጅግ የበዛ አክብሮትና መራራቅ ነው፣ ሌላው የተፈቀደ ድፍረት። የወለጋን ሰርግ አስደናቂ የሚያደርገው ሁለቱም እዚያው መኖራቸው ነው። ሙሽሪት ከገባች በኋላ የአማቷን ስም አትጠራም፤ ላጉ የሚባለው የኦሮሞ ደንብ ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስለውን ቃል ጭምር እንድትሸሽ ያስገድዳታል። ዕድሜ ልኳን አፏን የምትጠብቅ ሴት ጓደኞቿ ስለ እሷ ሆነው አንድ ቀን ያለ ገደብ ይናገሩላታል። የአረብሶው ልክ ማጣት ከዚህ ጋር ካልታየ ባለጌነት ብቻ ይመስላል። በእኔ ግምት ራድክሊፍ-ብራውን ያላየው አንድ ነገር አለ፦ ድፍረቱ ውጥረት ከማርገቡ በላይ ሙሽራውን ያስተዋውቃል። በድግሱ የተገኘ እንግዳ ሁሉ ሲወጣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታማ፣ ሲነኩት እንዴት እንደሚስቅ አውቋል። በጠርሙስ ላይ የታተመ ስም ከስሙ በቀር የሚነግረን ነገር የለም።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ከውስጥ የሚመጣ ነው። ስድቦቹ የተለመዱ አይደሉም ወይ? ሆዳሙ ሀማሞታ በየሰርጉ ሆዳም ነው፣ ድሃው መንደር በየሰርጉ ድሃ ነው። ለሁሉም የሚዘፈን ነገር እንዴት የአንድ ሰው ይሆናል? ተቃውሞው የግጥምን አሠራር ይስታል። አሜሪካዊው አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የዩጎዝላቪያ ባለ ቅኔዎች በሺህ የሚቆጠሩ ስንኞችን ያለ ጽሑፍ እዚያው የሚገጥሙት የተዘጋጁ ሐረጎች ስላሏቸው መሆኑን አሳይቷል። የተዘጋጀው ሐረግ አዲሱን የሚከለክል ሳይሆን ጊዜ የሚገዛለት ነው። የእኛም አዝማሪ ከተቀመጠው እንግዳ ስም ጠይቆ ወዲያው የሚያሞግሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ሆዳምነቱ የተለመደ ይሁን፤ ስሙ፣ ኮቱና የጎደለው ጥርሱ የዚያ ሰው ብቻ ናቸው። ተቃውሞው እውነት የሚሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዘፈኑ በካሴት፣ ኋላም በዩቲዩብ ሲቀረጽ ክፍቱ ቦታ ተዘጋ። ዲጄው የሚከፍተው የተቀዳ የሰርግ ዘፈን አንድ ጊዜ በአንድ ስቱዲዮ የተገጠመ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሙሽራ አያውቀውም። ዜማው ተረፈ፣ ስድቡም ተረፈ፣ ተሰዳቢው ግን ማንም ሆነ። አረብሶን የሚያሰጋው የሰው መሠልጠን አይመስለኝም፤ ድምፅ ማጉያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእምነት ነው፤ በወለጋ ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም ስትመሠረት አንዱ ሥሯ እዚሁ ነበር፤ በዛሬዎቹ የወንጌላውያን ሰርጎች የልጃገረዶቹን ዘፈን መዘምራን ተክተውታል። ስድብ ከአማኝ አፍ አይወጣም የሚለውን ሰው በአንትሮፖሎጂ መርታት አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም። ግን የዚያው እምነት አባቶችና እናቶች ለሥነ ቃሉ የነበራቸውን አያያዝ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከሊሙ ኢናርያ በባርነት ተወስዳ ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ያሳተመችው የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ ከመንፈሳዊው ጽሑፍ ጎን ተረት፣ ምሳሌና የሕዝብ ዘፈን ሰብስቧል። ኦነሲሞስ ኋላ ኑሮውን ነቀምቴ አድርጎ እስከ ሞቱ ያስተማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ለማንበብ የሚማር ልጅ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የአያቱን ጨዋታ ቢያነብ እምነቱ ይጎዳል ብለው አላሰቡም። አረብሶ በማንበቢያው ውስጥ ገብቷል ማለቴ አይደለም፤ እምነትንና ጨዋታን ማቻቻል ግን ይቻላል ማለቴ ነው። መዝሙሩ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱን ይዞ፣ ቀልዱ ደግሞ ወደ ማታው ግብዣ ቢሄድ ሁለቱ የሚጋጩበት ነጥብ አይታየኝም። ጸያፉን መተው ይቻላል። ጸያፍ ያልሆነ ስድብ ደግሞ ከጸያፉ ይከብዳል፤ የዘፋኟም ችሎታ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ስድብ ያቆስላል የሚሉም አሉ፤ ትክክል ናቸው። ድሃ ሙሽራ ድህነቱ ሲዘፈንበት ከሀብታሙ የበለጠ ይሰማዋል። ሥርዓቱ ለዚህ ያለው መከላከያ ሦስት ነው፦ ስድቡ በአብዛኛው ከሙሽራው ይልቅ በሀማሞታው ላይ መውረዱ፣ መልስ የመስጠት መብት መኖሩ፣ ቀኑም በራሱ ማለቁ። ፍጹም መከላከያ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ የሴቶች ጥያቄ ነው። ይህ ዘፈን ያደገው ልጅቱ ራሷ ብዙም ሳትጠየቅ በምትዳርበት፣ ቡቲ የሚባለው ጠለፋም እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ጓደኞቿ ሙሽራውን መስደባቸው እሷ መናገር ያልቻለችውን መናገር ነበር፤ ከስድቡ አጠገብ የመለየት ዘፈኖች፣ እናትን የሚወቅሱ ዘፈኖች የነበሩትም ለዚህ ነው። ታዲያ ምክንያቱ ሲወገድ ዘፈኑ ለምን ይቆያል? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም የሁለቱን ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ግዴታ አድርጓል፤ ኦሮሚያም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም አውጥቷል፤ ጠለፋ በወንጀል ያስቀጣል። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። ወዳ የምታገባ ሙሽራ ጓደኞች ሙሽራውን ሲሰድቡት ከስድቡ ላይ ምሬቱ ተነሥቷል፤ የቀረው ጨዋታው ነው። በግድ በተደረገ ሰርግ ላይ የተዘፈነ አረብሶ ግማሹ ልቅሶ ነበር። ያለ ሐዘን ሊዘፈን የሚችለው ገና ዛሬ ነው። በዚያ ላይ ልጃገረዶች በአደባባይ ወንድን የሚመዝኑበት፣ እሱም ቆሞ የሚሰማበት ሌላ መድረክ በብዛት አላገኘንም።

ነቀምቴ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ዲኮር አስውቦ፣ ቬሎና ኬክ አዘጋጅቶ የሚያገባ ወጣት ይህን ሁሉ ሊተው አይገባውም፤ የአዳራሹ ሰርግ ዝናብ አያገኘውም፣ ለእናቶችም ጉልበት ይቆጥባል። ከፕሮግራሙ ላይ ግማሽ ሰዓት ማውጣት ግን ይቻላል። ድምፅ ማጉያው ይጠፋል፣ የሙሽሪት ጓደኞች በአንድ ወገን፣ ሀማሞታው በሌላ ወገን ይቆማሉ። ቋንቋው ያስቸግራል የሚለው ሥጋት ከተማ ላይ እውነት ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ከሌላ ክልል ያገባ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ቤተሰብ ያለው ሙሽራ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አማርኛውም ሚዜ የሚነካካበት ዘፈን አያጣም፤ ሁለቱ ወገኖች በየቋንቋቸው ቢመላለሱ የሚተረጉም ጎረቤት ከየጠረጴዛው ይገኛል፣ እንዲያውም ትርጉሙ ሲዘገይ ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የሚያስቸግረው ዝግጅቱ ነው። ጠርሙስ ላይ ስም ማሳተም የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ለአረብሶ ግን ከሰርጉ በፊት ለምሽቶች የሚሰበሰቡ፣ ስለ ሙሽራው ወሬ የሚለቅሙ፣ ቤት መምቻ የሚያውቁ ጓደኞች ያስፈልጋሉ። ከአውጪዎቹ መካከል ቢያንስ አንዷ ከአያቷ የተማረች መሆን አለባት፤ ሌሎቹ ከእሷ እየሰሙ ሊቀበሉ ይችላሉ።