«ጥንታዊ» ወይስ «አሮጌ»? ስለ ቀለም ብልቃጥና ስለ ጽሕፈት ጠረጴዛ አሰያየም

በሴቻ ከአሮጌ የቢሮ ዕቃዎች መካከል የመስተዋት ቀለም ብልቃጥና ባለመሳቢያ የጽሕፈት ጠረጴዛ ቢገኙ፣ መዝጋቢው ምን ብሎ ይመዘግባቸዋል? ተርጓሚዎች የሚቀናቸው «ጥንታዊ» ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ቃሉ እዚህ ላይ አሳሳች ነው። የውጭ አገር ነጋዴ ዕቃውን በዚያ ስም የሚጠራው መቶ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ግን «ጥንታዊ» ሲባል አክሱምን ያስባል።

ስሕተቱ ታሪክንም ይነካል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በጉልበቱ ዘርግቶ፣ ቀለሙን መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ አኑሮ በመቃ ብርዕ ይጽፍ ነበር፤ ዛሬም የሚጽፍ አለ። ጠረጴዛም ብልቃጥም አላስፈለገውም። «ጠረጴዛ» ራሱ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን በመነሻው የማዕድ ነው። «ቀለም»ም ተዛውሯል፤ በዐረብኛ ብርዑ ሲሆን በእኛ ዘንድ ብርዑ የሚነከርበት ነው። የቢሮ ጠረጴዛ ነገር በ1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮች ከተቋቋሙበት ዘመን ጋር ተያይዞ ቢታይ ይሻላል።

ቦታውም ዘመንን አይመሰክርም። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቆርቁራ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነትን ከጨንቻ ተረከበች። ስለዚህ የሴቻ ጠረጴዛ ከከተማው በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

መጠየቅ ያለበት ዕቃው ነው። ከብልቃጡ ሥር ሻካራ ክብ ምልክት ካለ፣ ሲሠራ በብረት ዘንግ ተይዞ ነበር ማለት ነው፤ «የዘንግ ጠባሳ» እንበለው። በተራ የፋብሪካ ዕቃ ላይ ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እየቀረ ሄዷል። የቅርጹ «መጋጠሚያ መስመር» እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ደግሞ፣ በቅርጽ ተጨፍልቆ የተሠራ ወፍራም መስተዋት ካልሆነ በቀር፣ አሜሪካዊው ማይክል ኦዌንስ በ1903 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ካስተዋወቀው የጠርሙስ መሥሪያ መኪና በኋላ የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ጠረጴዛው ይበልጥ ያስቸግራል። መስቀለኛ ራስ ያለው ብሎን ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ ነገር ግን ብሎን ይለወጣል። የመሳቢያው ጥግ ጥርሶች እኩል አለመሆን የእጅ ሥራን ያሳያል፤ ይህም በአገራችን ከዘመኑ ይልቅ የአናጢውን መሣሪያ ይናገራል።

ስለዚህ «ጥንታዊ»ን ትተን «አሮጌ የቀለም ብልቃጥ፣ መስተዋት፣ ከ1903 (እ.ኤ.አ.) በኋላ» ተብሎ እንዲጻፍ እናሳስባለን። «ብርጭቆ»ን ያልመረጥነው አንባቢ መጠጫ እንዳይመስለው ነው።