ሪያሊቲ ሾውና ልጃገረዶች፦ ፍርዱ ለማን ይከብዳል?

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በካፋ ደኖች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ርቀቱ ግን ስክሪኑን አላገደውም። ዲሽ ያለው ቤት ሙሉውን ፕሮግራም ያያል፤ የሌለው ደግሞ ተቆርጦ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዞረውን በስልክ ይቀባበላል። እንዲህ ከሚዳረሱት አንዱ ሪያሊቲ ሾው ነው፤ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ካሜራ ፊት ሲወዳደሩ፣ ሲጣሉና ሲፋቀሩ የሚታዩበት ዝግጅት።

እውነት ቢመስልም አሰራሩ የራሱ ስልት አለው። አዘጋጆች ጠባያቸው የሚጋጭ ሰዎችን መርጠው አንድ ላይ ያኖራሉ፤ ለረጅም ሰዓት ከተቀረፀውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለአየር ይበቃል። ተመልካች የሚይዘው ጠብና ዕንባ ነውና በቆረጣው ቅድሚያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰላማዊ የነበረች ሴት በአንድ ቁጣዋ ብቻ ልትታወቅ ትችላለች።

በአገራችን የገነነው የዚህ ዘርፍ ዓይነት የድምፅ ውድድር ነው። የሙዚቃ ባለሙያው አብርሃም ወልዴ የጀመረው ባላገሩ አይዶል የመጀመሪያ ዙሩን እ.ኤ.አ. በ2015 በዳዊት ጽጌ አሸናፊነት ሲያጠናቅቅ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በኋላ ፋና ላምሮት የተባለው ውድድር መጣ። ዘፋኝነት ለሴት ልጅ እንደ ነውር ይቆጠርባቸው በነበሩ ቤቶች ልጅቷ በዳኞች ፊት ቆማ በችሎታዋ ስትመዘን ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው መልኩ በቢግ ብራዘር አፍሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጆሃንስበርግ በተካሄደው ዙር ከተለያዩ የአፍሪካ አገራት የመጡ ወጣቶች በአንድ ቤት ገብተው ለ91 ቀናት ቀንና ሌሊት ተቀረፁ። አንዲት ኢትዮጵያዊት መምህርት ከሴራሊዮናዊ ተወዳዳሪ ጋር በካሜራ ፊት ያሳየችው ቅርበት እዚህ አገር ከባድ ቁጣ አስነሳ። «የአገር ስም አጎደፈች» ተባለች። የዚያ ሁሉ ወቀሳ ዒላማ ሴቷ ነበረች። ያንኑ ዙር 300,000 ዶላር ተሸልማ ያሸነፈችውን ናሚቢያዊቷን ዲሊሽ ማቲውስን ደግሞ በአገሯ እንደ ጀግና ተቀበሏት።

በአፍጋኒስታንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ«አፍጋን ስታር» የድምፅ ውድድር የሄራቷ ሴታራ ሁሴንዛዳ በመሰናበቻዋ ዕለት በመድረክ ስለጨፈረችና ሻሿ ከራሷ ስለተንሸራተተ የግድያ ዛቻ ደርሶባታል። በዚያው ውድድር አንዲት ሴት፣ ዛህራ ኤልሃም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

በተመልካቾቹ ልጃገረዶች ላይስ ምን ያደርጋል? የአሜሪካ የልጃገረዶች ስካውት የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ከ1,100 በላይ ልጆች ጠይቆ ነበር። ሪያሊቲ ሾው ከሚያዘወትሩት 72 በመቶው ለመልካቸው ብዙ ጊዜ እንደሚያጠፉ ሲናገሩ፣ ከማያዩት መካከል እንዲህ ያሉት 42 በመቶ ነበሩ። ፕሮግራሙ ልጆቹን ለወጣቸው ወይስ መልካቸው የሚያስጨንቃቸው ልጆች ናቸው ፕሮግራሙን የሚመርጡት? መጠይቁ ይህን አይለይም። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ያዩትን ከወላጅና ከጓደኛ ጋር ለመወያየት እንደ መነሻ ይጠቀሙበታል።

ሪያሊቲ ሾው በጎ ውጤትም ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት አለ። በኤምቲቪ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ አንድ ፕሮግራም በታዳጊነታቸው ያረገዙ ልጃገረዶችን ኑሮ ሳያስጌጥ ያሳይ ነበር። ሜሊሳ ኪርኒና ፊሊፕ ሌቪን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙ በጀመረ በ18 ወራት ውስጥ በአሜሪካ የታዳጊዎችን ወሊድ በ4.3 በመቶ እንደቀነሰ አሰሉ። ስሌቱን የሞገቱ ሌሎች ባለሙያዎችም አልጠፉም።

ለቦንጋና ለአካባቢዋ ልጃገረዶች ሁለት ነገር ይደራረባል። ብዙዎቹ በቤታቸው የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ይናገራሉ፤ ስክሪኑ የሚያሳያቸው አለባበስ፣ አነጋገርና መዝናኛ ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባ ወይም የባህር ማዶ ነው። በዚያ ላይ ቁራጩ ያለ ሙሉው ታሪክ ይደርሳቸዋል። በትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ወይም በሚኒ ሚዲያ አንድ ቁራጭ ከፍቶ መነጋገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከዚህ በፊትና በኋላ የነበረው ለምን ተቆረጠ? ከዚህ ጠብ ገንዘብ የሚያገኘው ማነው? ይህን ያደረገው ወንድ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር?